ይቅርታ ጠይቄያለሁ፣ መቅረጫው ግን አሁንም ኪሴ ውስጥ ነው

ጭንቅ የያዘው

ሰላም ለሁላችሁ። ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሡኝ።

በቤተ ክርስቲያን ልጆች አስተምራለሁ። ከስድስት እስከ ዘጠኝ ዓመት የሆናቸው ናቸው፣ መቀመጥ የሚባል ነገር አያውቁም። ባለፈው ሳምንት አሥርቱን ትእዛዛት ይዘን «አትስረቅ» ላይ ደርሰን ነበር። በመሃል አንዱ ማልቀስ ጀመረ። የእርሳስ መቅረጫዬን ወሰደብኝ ይላል። ወሳጁም አልካደም። እኔ ኮስተር ብዬ «በል ይቅርታ ጠይቀው» አልኩት። ዞረና «ይቅርታ» አለው፣ ከልቡም ይመስል ነበር። ከዚያ መቅረጫውን መልሶ ኪሱ ከተተና ቁጭ አለ። ክፍሉ በሳቅ አለቀ። እኔም ሳቅኩ። ያልሳቀው ባለ መቅረጫው ብቻ ነው።

ማታ ቤቴ ገብቼ ነው ነገሩ የዞረብኝ።

የምሠራበት ድርጅት ለመስክ ሥራ ብዙ ጊዜ ያስወጣናል። የውሎ አበልና የአልጋ ገንዘብ ቀድመን እንወስዳለን፣ ስንመለስ ደረሰኝ አቅርበን እናወራርዳለን። እኔ ሁለት ሌሊት አድሬ አራት ብዬ ማወራረድ የጀመርኩበትን ቀን እስከ ዛሬ አልረሳውም። የማደሪያው ልጅ የደረሰኝ ጥራዙን ገለጠ፣ ካርቦኑን አስገባ፣ እስክሪብቶውን ይዞ ቀና እንኳን ሳይል «ስንት ሌሊት ልበልልህ?» አለኝ። ስንት አደርክ አላለኝም። ስንት ልበልልህ ነው ያለኝ። ዙሪያዬን አየሁና «አራት» አልኩ። በቃ፣ እንደዚህ ቀላል ነበር። ሦስት ዓመት እንደዛ ሄድኩ።

ከሁለት ዓመት በፊት ሕይወቴን ለእግዚአብሔር ሰጠሁ። አልቅሼ ንስሐ ገባሁ፣ ከዚያ ወዲህ አንዲት ሌሊት ጨምሬ አላውቅም። ለእግዚአብሔር ሁሉን ተናግሬያለሁ። ለሰው ግን ለማንም አልተናገርኩም። ትናንት የቀድሞ ማስታወሻዎቼን አውጥቼ ስደምረው በግምት የአምስት ወር ደሞዜን ያህላል። እጄ ቀዘቀዘ።

አሁን ጥያቄዬ። እግዚአብሔር ይቅር ካለኝ ገንዘቡን መመለስ አለብኝ? ብናገር ልባረር እችላለሁ፣ ሚስቴና ልጆቼስ ምን በደሉ? ደግሞ ብቻዬን አልነበርኩም፣ አለቃዬ ራሱ ነው መንገዱን ያሳየኝ። ወይስ ያንኑ ያህል ለድሃ ሰጥቼ ብገላገል?

አደራ፣ ጥቅስ ደርድራችሁብኝ አትሂዱ። ጥቅሱን እኔም አስተምረዋለሁ። ከጥቅሱ እስከ ቢሮዬ ጠረጴዛ ያለው መንገድ ነው የጠፋኝ።


ሰናፍጭ

ወንድሜ፣ ተረጋጋ። ኃጢአትህ ተሰርዮልሃል። ሚክያስ 7 ላይ ኃጢአታቸውን በባሕር ጥልቅ ይጥላል ይላል። እግዚአብሔር የጣለውን አንተ ጠልቀህ አታውጣው። ይሄ የከሳሹ ድምፅ ነው። በጸጋ ነው የዳንከው፣ በከፈልከው አይደለም። ሰላምህን ያዝ።


ተጠራጣሪ

እኔ ደግሞ በሌላ በኩል ልምጣ። ማን ተጎዳ? እስቲ ስም ጥራ። እኔም እንዲህ ዓይነት መሥሪያ ቤት ሠርቻለሁ፣ አበሉ ከስንት ዓመት በፊት በወጣ ተመን የሚከፈል ነው፣ ማደሪያ ዋጋው ሦስት እጥፍ ሲሆን ተመኑን የሚያስተካክል የለም፣ ስለዚህ ሠራተኛው ራሱ በሌሊት ብዛት ያስተካክለዋል፣ ኃላፊዎቹም ያውቃሉ፣ እያወቁ ይፈርማሉ፣ ምክንያቱም እነሱም እንደዛው ነው የሚያደርጉት። ይሄ ያልተጻፈ የደሞዝ ጭማሪ ነው እንጂ ስርቆት አትበለው። አንተ ሄደህ ስትናዘዝ የምትረብሸው አሥር ቤተሰብ ነው። ክርስትና እኮ ሰው መጉዳት አይደለም። ዝም ብለህ ከአሁን በኋላ ንጹሕ ሁን።


የድሮው ዲያቆን

ልጄ፣ በጻፍከው ነገር ደስ ብሎኛል፣ በቀልድ አላለፍከውም። ጥቅስ አትደርድሩ ብለሃል፣ ግን አንድ ሁለቱን ሳልነካ መንገዱን ላሳይህ አልችልም።

ኦሪት ዘጸአት 22ን ክፈት። በሬ ሰርቆ ያረደ ወይም የሸጠ በአንዱ ፋንታ አምስት በሬ ይከፍላል፣ በአንድ በግ ፋንታ አራት። ከብቱ በሕይወቱ እጁ ላይ ከተገኘ ሁለት እጥፍ ይከፍላል። ይሄ ሁሉ የተያዘ ሌባ ነው። አሁን ወደ ዘኍልቍ 5 እለፍ። እዚያ ያለው ሰው በቃሉ የሚናዘዝ ነው። እሱ የሚመልሰው ዋናውን ነው፣ በላዩ ላይ አምስተኛ እጅ ይጨምራል። በዛሬ ቋንቋ 20 በመቶ። አየህ ልዩነቱን? ሕጉ ራሱ ሳይጎትቱት የመጣውን ሰው ሸክሙን አቅልሎለታል። ብዙ ሰው ኦሪትን ጨካኝ ነው ይላል፣ ይቺን ቦታ ግን አያነባትም። ዘሌዋውያን 6 ደግሞ ቀኑን ሳይቀር ይቆርጣል፤ ለባለቤቱ የሚመልሰው የበደል መሥዋዕቱን በሚያቀርብበት በዚያው ቀን ነው። ወደ እግዚአብሔር የሚሄደውና ወደ ሰው የሚሄደው በአንድ ቀን።

አሁን ሉቃስ 19 ላይ ያለውን ቀራጭ፣ ግብር ሰብሳቢውን ዘኬዎስን አምጣው። ማንም አልያዘውም። በአምስተኛ እጅ ጭማሪ ሊገላገል ይችል ነበር። እሱ ግን አራት እጥፍ እመልሳለሁ አለ፣ የተያዘውን የበግ ሌባ ቅጣት በራሱ ላይ ፈረደ። እኔን ሁልጊዜ የሚያስገርመኝ ግን ሌላ ነው። ጌታ «መልስ» አላለውም። «ዛሬ በቤትህ እውል ዘንድ ይገባኛልና ፈጥነህ ውረድ» ብቻ ነው ያለው። መጀመሪያ እንግድነቱ መጣ፣ ገንዘቡ ከዚያ በኋላ ነው።

ስለዚህ ሰናፍጭ፣ ልጄ፣ ያልከው ግማሹ እውነት ነው። እንዲድን ብሎ አይከፍልም። ነገር ግን የዳነ ሰው የሰው ዕቃ በኪሱ ይዞ አይቀመጥም። ቅዱስ አውግስጢኖስ መቄዶንዮስ ለሚባል ሹም በጻፈው ደብዳቤ ላይ መመለስ እየቻለ የማይመልስ ሰው ንስሐ አልገባም፣ የገባ አስመስሏል ይላል። «እየቻለ» የምትለዋን ግን አትዝለላት። የማይችል ሰው ሌላ ነው።

የንስሐ አባት ካለህ ከመናገርህ በፊት አማክራቸው። ብቻህን አትሩጥ።


ኦዲተር ነበርኩ

ተጠራጣሪ ስም ጥራ ብሏል። እጠራለሁ፣ በስም ባይሆንም በሥራ መደብ።

ሃያ ዓመት ገደማ የሰው ሒሳብ ስመረምር ነው የኖርኩት። የአልጋ ደረሰኝ ላይ ሁለትን አራት ማድረግ ማንንም የማይነካ ይመስላል፣ ምክንያቱም ገንዘቡ ከሰው ኪስ ሲወጣ አይታይም። ከበጀት ርዕስ ነው የሚወጣው። የመስክ ሥራ በጀት ለአሥራ ሁለት ወር ተብሎ ይያዝና በዘጠነኛው ወር ያልቃል። ከዚያ ሦስት ወር መስክ አይወጣም። እዚያ መስክ ላይ የሚጠብቅ ሰው አለ አይደል? ባለሙያው ይመጣል ተብሎ የሚጠብቅ። እሱ ነው የተጎዳው፣ ማን እንደጎዳው ግን መቼም አያውቅም። ሌላው የሚጎዳው ሁለት ሌሊት አድሮ ሁለት የሚጽፈው ሠራተኛ ነው። አንድ ቦታ እንዲህ ዓይነት ሰው አጋጥሞኛል። የሌሎቹ ሁሉ አራት ስለነበር የሱ ሁለት ነው አጠራጣሪ የሆነው። ሥራውን ሳይጨርስ ተመለሰ ተብሎ ደብዳቤ ተጻፈበት! እስከ ዛሬ ሳስታውሰው ይቆጨኛል፣ እኔም የፈረሙት ውስጥ ነበርኩ።

የተመኑ ማነስ እውነት ነው፣ አልክድም። ግን ተመን ያንሳል ብሎ ማመልከት አንድ ነገር ነው፣ ያላደሩበትን ሌሊት መጻፍ ሌላ። ሉቃስ 3 ላይ ቀራጮችና ወታደሮች ዮሐንስን ምን እናድርግ ብለው ጠየቁት። ሥራችሁን ልቀቁ አላለም። ቀራጮቹን ከታዘዘላችሁ አብልጣችሁ አትውሰዱ አላቸው። ወታደሮቹን ደግሞ ደመወዛችሁ ይብቃችሁ። ቁርጥ ያለ የሥራ ቦታ ምክር ነው፣ ከዚህ በላይ ምን ትፈልጋላችሁ።

ለጠያቂው ደግሞ ከሙያዬ የተወሰኑ ነገሮች ልንገርህ፣ ምክንያቱም ሰው በጥሩ ልብ ነገር ሲያበላሽ አይቻለሁ።

ገንዘቡን በፖስታ አድርገህ ስም ሳትጽፍ ገንዘብ ያዧ ጠረጴዛ ላይ ጥለህ እንዳትሄድ። ሰው ይሄን በጣም ይወዳል፣ ፊልም ይመስላል። እሷ ግን ማታ ካዝና ስትቆጥር ትርፍ ይመጣባታል። ትርፍም እንደ ጉድለት ያስጠይቃል። አንተ ሰላም አግኝተህ ስትተኛ እሷ እንቅልፍ አጥታ ታድራለች።

የራስህን ብቻ ተናገር። አለቃህ ያደረገው የአለቃህ ነው። ኑዛዜ ውስጥ የሌላ ሰው ስም ሲገባ ኑዛዜ መሆኑ ይቀርና ክስ ይሆናል፣ ሰውም የሚያስታውሰው ክሱን ነው። ከተጠየቅህ አትዋሽ፣ ሳትጠየቅ ግን አትዘርዝር።

በጽሑፍ አድርገው፣ ከመቼ እስከ መቼ፣ በግምት ስንት እንደሆነ፣ እንዴት እንደምትከፍል። ከዚያ በፊት ሕግ የሚያውቅ ሰው አማክር። በሐሰተኛ ደረሰኝ ማወራረድ በብዙ ቦታ ወንጀል ነው፣ ይሄን ሳላነሳ ባልፍ አልወድም። ሕግ ማማከር የእምነት ጉድለት አይደለም።


ጭንቅ የያዘው

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ኦዲተር፣ የፖስታውን ነገር እንዴት አወቅህብኝ? በእውነት አስቤው ነበር። ፖስታውን ሁሉ አዘጋጅቼ ነበር።

የድሮው ዲያቆን፣ እርስዎ ያሉት ገብቶኛል። አንዱ ግን አሁንም ይከነክነኛል። ድርጅቱ ገንዘቡን ቢቀበለኝ የት እንደሚያደርሰው እናውቃለን፣ ሌላው አራት ሌሊት ይጽፍበታል። ለተቸገረ ሰው ብሰጠው አይሻልም? የሚስቴን ነገር ደግሞ ማንም አልመለሰልኝም።


የሁለት ልጆች እናት

የሚስትህን እኔ ልመልስልህ።

ባለቤቴ እንዳንተው ነበር። የሱ ደረሰኝ ሳይሆን ከመጋዘን የወጣ ዕቃ ነው። አንድ ቀን ልቡ ተነካ፣ ጾመ፣ ጸለየ፣ ሰኞ ጠዋት ቀጥ ብሎ አለቃው ጋ ገባና ተናገረ። እኔ የሰማሁት ስድስት ሰዓት ላይ በስልክ ነው፣ ካሰናበቱት በኋላ። ሰባት ወር ሥራ ፈትቶ ተቀመጠ። በዚያ ሰባት ወር እኔ ቅድስት አልሆንኩም፣ እውነቱን ልንገርህ። መዝሙር እየዘመርኩ አላሳለፍኩትም። ተናድጄ ነበር። በመናገሩ አይደለም። ቤታችንን የሚነካ ነገር ወስኖ ሲጨርስ እኔ የመጨረሻዋ ሰሚ በመሆኔ ነው። ለእግዚአብሔር ተናገረ፣ ለአለቃው ተናገረ፣ አብራው ለምታድረው ግን ጊዜ አልነበረውም።

ስለዚህ መጀመሪያ እሷን ንገራት። ዛሬ። ስትነግራት ደግሞ መጽሐፍ ቅዱስ ይዘህ፣ ድምፅህን ዝቅ አድርገህ እንደ ሰባኪ አትቀመጥ። ዝም ብለህ ንገራት።

ሌላም አለ፣ ይቅርታ አድርግልኝና። «ሚስቴና ልጆቼ ምን በደሉ» ብለሃል። እኛ እኮ በልተነዋል! ከዚያ ገንዘብ ጫማ ገዝተናል። ባለቤቴ ሲነግረኝ መጀመሪያ «እኔ ምን አገባኝ» ነበር ያልኩት። ቆየት ብሎ ነው እጄን ያየሁት። ስለዚህ እሷን ከጉዳዩ ውጭ አድርገህ ልትጠብቃት አትሞክር፣ እየጠበቅካት አይደለም። አብራችሁ በልታችኋል፣ አብራችሁ ብትመልሱ ይቀላል። ባንመልስ ኖሮ ይሻል ነበር ወይ ብትለኝ፣ አንዳንድ ቀን እንደዛ አስብ ነበር። አሁን አላስብም።


የድሮው ዲያቆን

ልጄ፣ ለድሃ ስለመስጠት የጠየቅከው።

ባለቤቱ ከጠፋ፣ ከሞተና ወራሽ ከሌለው መንገዱ ወደ ድሃ ይሄዳል። ዘኍልቍ 5 ላይ የሚቀበል ዘመድ ካልተገኘ ለእግዚአብሔር ለካህኑ ይሁን ይላል፣ የኋላ ዘመን መምህራንም፣ ለምሳሌ ቶማስ አኩዊናስ፣ ባለቤቱ የማይታወቅ ከሆነ ለድሆች ይሰጥ ብለዋል። ያንተ ባለቤት ግን ይታወቃል። በር ላይ ስሙን ጽፎ ተቀምጧል። እሱ ቢያባክነው እሱ ይጠየቅበታል። አንተ ከሰው ኪስ ወስደህ ለድሃ ስትሰጥ ምስጋናውን የምትቀበለው አንተ ነህ፣ የከፈለው ሌላ ሰው። እንዲህ ያለ ቸርነት ርካሽ ነው።

ከፈለግህ ለድሃውም ስጥ፣ ከራስህ። ኤፌሶን 4፥28 የሰረቀ አይስረቅ ብሎ አያቆምም። በገዛ እጁ ሠርቶ ለጎደለው እንዲያካፍል ነው የሚለው። ይወስድ የነበረው እጅ ሰጪ እጅ ይሁን ነው ነገሩ። ግን ይሄ መመለሱን የሚተካ አይደለም።

አንድ ማስጠንቀቂያ። ይሁዳም ሠላሳውን ብር መልሷል። ገንዘቡ ከእጁ ወጣ፣ ሰውየው ግን ወደ ጌታው አልተመለሰም። ጴጥሮስ የሚመልሰው ገንዘብ አልነበረውም፣ አልቅሶ ተመለሰ። ስለዚህ ከፍለህ ስትጨርስ ቀለለኝ ብለህ ብቻ እንዳትቀር። አንተን ከዚህ ቀን ያደረሰህ ሒሳቡ ብቻ አይደለም።

የልጅቷን ቃል ደግሞ ስማ፣ የሁለት ልጆች እናት ያለችውን ማለቴ ነው። እኔ ያንን አልነገርኩህም፣ መንገር ነበረብኝ።


ሰናፍጭ

እሺ፣ ተገሥጫለሁ። ቸኩዬ ነበር። ሰው ሲጨነቅ ሳይ መጀመሪያ አፌ ላይ የሚመጣው «ጸጋ» ነው፣ አንዳንዴ ሰውየውን ዝም ለማሰኘት እንደምጠቀምበት አሁን ነው የገባኝ።

ግን ጸጋውን አልተውም፣ ሌላ ቦታ አግኝቼዋለሁ። ጳውሎስ ለፊልሞና ስለ ባሪያው ስለ አናሲሞስ ሲጽፍ የበደለህ ወይም ያለበት ዕዳ ቢኖር በእኔ ቁጠረው፣ እኔ እከፍላለሁ ይላል፣ ደግሞ በእጄ ጻፍኩት ብሎ ይፈርማል። ዕዳው የለም አላለም። በዝምታም አላለፈውም። ዕዳው አለ፣ ግን አብሮ የሚሸከም ሰው ተገኘ። ስለዚህ ወንድሜ፣ ብትባረርና ክፍያው ቢከብድህ ቤተ ክርስቲያንህ ውስጥ «በእኔ ቁጠረው» የሚል ሰው መኖር አለበት። እኛ ይሄን ሳናደርግ ሰውን ተናዘዝ ተናዘዝ ማለት ቀላል ነው። የኛ ኅብረት ውስጥ አንድም ሰው ሥራ ሲያጣ ዕዳውን የተካፈልንለት አላስታውስም። ለቅሶ ላይ ግን እንደርሳለን።

የፕሮቴስታንቱ መምህር ማርቲን ሉተርም ስለ ስርቆት ሲያስተምር ካዝና የሚሰብረውን ብቻ ሳይሆን ሥራውን በግዴለሽነት የሚሠራውንም ሌባ ብሎታል። ይሄን ሳነብ ራሴን ያየሁት በሥራ ሰዓት እዚህ ስጽፍ ነው። እረፍት ላይ ነኝ አሁን፣ እንዳትጠይቁኝ።


ተጠራጣሪ

እኔ አሁንም ሙሉ በሙሉ አልተስማማሁም። የትናንሽ ሰዎች ኅሊና ሲያንቀላፋ አይተን እንጮሃለን፣ ትልልቆቹ በሚሊዮን ሲወስዱ ደግሞ የመጀመሪያው ረድፍ ላይ እናስቀምጣቸዋለን። መጀመሪያ እነሱ ይናዘዙ።

ኦዲተሩ የጠቀሰው፣ ሁለት አድሮ ሁለት ስለጻፈ ደብዳቤ የተጻፈበት ሰው ግን አእምሮዬ ውስጥ ቀረ። እኔ መሥሪያ ቤትም እንደዛ ዓይነት አንድ ሰው ነበር። «ሙሴ» እያልን ነበር የምንጠራው፣ በፌዝ። ስሙን እንኳን አሁን አላስታውሰውም።


ኦዲተር ነበርኩ

ትልልቆቹን በተመለከተ ትክክል ነህ። ግን «መጀመሪያ እነሱ» የሚለውን ሃያ ዓመት ሰምቼዋለሁ። ጥበቃው ስለ ገንዘብ ያዧ፣ ገንዘብ ያዧ ስለ ኃላፊው፣ ኃላፊው ስለ ሥራ አስኪያጁ፣ ሥራ አስኪያጁ ደግሞ ስለ ቦርዱ ይሉታል። ወረፋው ማለቂያ የለውም።


ጭንቅ የያዘው

ሦስት ሳምንት ጠፋሁ፣ ይቅርታ። ተስፋ የቆረጠ እንዳይመስላችሁ።

በዚያው ማታ ለባለቤቴ ነገርኳት። ልብስ እያጣጠፈች ነበር። ማጣጠፏን አላቆመችም። ስጨርስ የጠየቀችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፣ «ሶፋው ከዚያ ነው?» «ከፊሉ» አልኳት። ያን ሌሊት ሶፋው ላይ ያደርኩት እኔ ነኝ፣ ማብራሪያ አያስፈልገውም። በማግስቱ ግን ራሷ ወረቀት አምጥታ «የጻፍከውን አሳየኝ» አለች። ሁለት ገጽ ጽፌ ነበር። እስክሪብቶ አንስታ «በመሥሪያ ቤቱ የተለመደ በመሆኑ» የሚለውን ሰረዘች። «የአበሉ ተመን አነስተኛ ከመሆኑ የተነሣ» የሚለውንም ሰረዘች። ቀጥላ ስለ ሃይማኖታዊ ሕይወቴ የጻፍኩትን አንድ ሙሉ አንቀጽ ሰረዘች፣ እሱ በጣም ቆንጆ አንቀጽ ነበር። ሰባት መስመር ቀረ።

ሕግ የሚያውቅ ዘመድ አማከርኩ፣ አባቶችንም አነጋገርኩ። ከዚያ ይዤው ወደ ፋይናንስ ኃላፊው ገባሁ። ሁለቴ አነበበው። ተነሥቶ በሩን ዘጋ። እኔ ፖሊስ ይጠራል ብዬ ስጠብቅ፣ ደብዳቤውን አገላብጦ «ይሄን በምን የሒሳብ መደብ ነው የምቀበልህ?» አለኝ። እየቀለደ አልነበረም። በእውነት ጨንቆት ነበር። አምስተኛውን እጅ ጨምሬ ስላሰላሁት ደግሞ «ይሄኛውስ ምንድን ነው?» አለ። ዘኍልቍ 5 ልለው አፌ ላይ ደርሶ ነበር። «ወለድ በለው» አልኩት።

አሁን ጉዳዩ ለአስተዳደር ተመርቷል፣ ምን እንደሚወስኑ አላውቅም። ቢሮ ውስጥ ወሬው ወጥቷል። አለቃዬ ሰላምታ ትቶኛል፣ ስሙን አላነሳሁም ብዬ ብነግረው አላመነኝም። አብሮኝ መስክ የሚወጣው ልጅ ትናንት ሻይ ጋበዘኝና አንድ ሰዓት ሙሉ ስለ ኳስ አወራ። ስንነሣ «ያንተን ደብዳቤ ማየት ይቻላል?» አለኝ። ሌላ ምንም አላለም።

ስለ መቅረጫው የጠየቃችሁኝ የለም፣ ግን ልጨምረው። ልጁን በማግስቱ ሳምንት «ያቺን መቅረጫ አምጣ» አልኩት። ጠፍታበታለች። ራሱን ሲያክ ቆየና የራሱን አዲሱን አውጥቶ ሰጠው። ባለቤቱም ተቀብሎ ወዲያው እርሳስ ይቀርጽበት ጀመር። ማንም ይቅርታ የሚል ቃል አላወጣም፣ እኔም አላስገደድኩም።

ኦዲተር፣ ፋይናንሱ ሰኞ ይደውልልኛል። የመደቡን ነገር የምታውቀው ካለ ንገረኝ፣ በዚህ ምክንያት እንዳይጓተት ነው።


ኦዲተር ነበርኩ

«ልዩ ልዩ ገቢ» በለው። የትም መዝገብ ላይ አለ፣ እሱም ያውቀዋል፣ ደንግጦ ነው። ወለድ ያልከውም እዚያው ይገባል።

ደረሰኝ ሳትቀበል ግን እንዳትወጣ። ቁጥሩን ደግሞ እዚያው ቆመህ አንብበው።